እኔና እንኳየሁ ብቻችንን

ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውጤቱን ዛሬ ሰጡን። ጉበቷ ነው፤ ከጉበቷም አልፏል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። እህቴን ውጭ አስቀምጦ እኔን ብቻ አስገባኝና ወረቀቱን እያየ፣ እኔን ሳያይ ነገረኝ።

«ቤተሰብ አላት?»

«አላት። እኔ አለሁ።»

«ልጆችስ?»

«አሉ። ሩቅ ናቸው።»

«ይጠሩ። ብዙ ጊዜ የለም» አለ። ምን ያህል ነው ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቅ አደረገ።

ስወጣ እንኳየሁ አግዳሚው ላይ የለችም። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ትመላለሳለች። በስድሳ ሰባት ዓመቷ ዛሬም ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንላትም። ዕድሜዋን ሙሉ የስፖርት አስተማሪ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣችም ወዲህ የሰፈሩን ሴቶች በየማለዳው ሰብስባ በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ታስሮጣለች። በሰባት ዓመት አንሳታለሁ፤ አንድ ዳገት እኩል አብሬያት ወጥቼ አላውቅም።

«ምን አለሽ?»

«ጉበትሽ ትንሽ ታሟል።»

«ትንሽ» የምትለውን ቃል ከራሴ ጨመርሁ። ባጃጅ እንያዝ ብላት እምቢ አለች። ከሆስፒታሉ እስከ ልደታ በእግሯ መጣች፤ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ። መንገድ ላይ ያየን ሰው በሽተኛዋ እኔ ነኝ ሳይል አልቀረም።

ሰኔ 14

ራሷ አስለፈለፈችኝ። «አመተ፣ ስትዋሺ ድምፅሽ ክፍል ውስጥ የምታስተምሪ ይመስላል» አለችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ይህን የደረሰብኝ ተማሪ የለም። ነገርኋት። አላለቀሰችም። የጫማዋን ማሰሪያ ስታስር ነበር፤ መልሳ ፈታችው።

«ልጆቹን አሁን አናስደንግጣቸው። ምስጢር ፈተና ላይ ናት። ትንሽ እንቆይ» አለች።

እንቆይ ያለችው እሷ ናት። ይህ ይጻፍልኝ።

ትልቁ ልጇ ዳኛው አዲስ አበባ የሕንፃ ዕቃ ይነግዳል፤ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣው ለበዓል ነው። ታናሽ እህቱ ምስጢር ባሕር ዳር ነርስ ናት፤ እየሠራች ትማራለች። ባሕር ዳር መንገዱ ሲከፈት የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ሲዘጋ ባሕር ማዶ ነው።

ሰኔ 18

አልጋዬን ወደ እሷ ክፍል አስገባሁ። ጎረቤታችን ይመኙሽ በአንድ ጎን ይዛ አገዘችኝ።

እዚህ ቤት ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ የጓሮውን ክፍል ነበር የሰጠችኝ። በዓል በመጣ ቁጥር ቤቱ በልጆቿና በልጅ ልጆቿ ይሞላል፤ እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። ማንም ክፉ ነገር አይናገረኝም። «እትዬ አመተ ቁጭ በይ እንጂ» ይሉኛል፤ መቀመጫው ግን ተይዟል።

ዛሬ ማታ ከልጅነታችን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል እንተኛለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማን። ደስ የሚል ነገር ነው ብዬ ብጽፍ ነውር ይሆንብኛል።

ሰኔ 21

ዳኛው ደወለ። ተኝታለች አልሁት። ተኝታ ነበር።

«ምን ሆና ነው ሐኪም ቤት የሄደችው?»

«ጨጓራዋን ነው። መድኃኒት ሰጥተዋታል።»

«እማዬና ጨጓራ ተዋውቀው አያውቁም» ብሎ ሳቀ። ሱቅ ውስጥ ሰው ይጠብቀው ነበር። ዘጋሁት ሳይሆን ዘጋው።

ሰኔ 25

ስልኳ ያስደነግጣታል። ገና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ይጮሃል። ከሰዓት በኋላ አጠፋዋለሁ።

ማታ «ደወሉ?» አለችኝ።

«ኔትወርክ የለም።»

ኔትወርኩ እኮ በእርግጥ ይጠፋል። ይህን ጎንደር ሁሉ ያውቀዋል።

ሰኔ 30፣ እሑድ

ዛሬ ሻል ብሏት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስትሞቅ ዋለች። የማለዳ ሴቶቿ በበሩ ሲያልፉ «ጉልበታችሁን ከፍ፣ ከፍ» እያለች ጮኸችባቸው። ሳቃቸው በሰፈሩ ተሰማ። ከዚያ እኔና እሷ ቀረን፤ የድሮውን ስናነሳ ስንጥል ዋልን። ልጻፈው፤ ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

አባታችን መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ በበአታ አቋቋም ያስተምሩ ነበር። ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ አድረው ጠዋት የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። የእንኳየሁ እግር የአባቷ እግር ነው ይባል ነበር። በ1968 በክፍለ ሀገሩ ውድድር ስምንት መቶ ሜትር ሮጣ አንደኛ ወጣች። በማግሥቱ አንድ ቄስ ቤታችን መጥተው «መሪጌታ፣ ልጅዎን በቁምጣ አገር ሁሉ አያት» አሏቸው። አባቴም «ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል ምን ለብሶ ነበር?» ብለው መለሱላቸው። ማታ ግን እንኳየሁን ጠርተው «ከሥሩ ረጅም ሱሪ ልበሺ» አሏት። ለበሰች። ሰፈሩን እስክትሻገር ነበር የለበሰችው።

እናታችን የሞተችው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ጸጉሬን የምትሠራኝ እንኳየሁ፣ ፊደል የምታስቆጥረኝ እንኳየሁ፣ ክረምት ሲሆን የቀዘቀዘ እግሬን በጀርባዋ ላይ አስደግፋ የምታስተኛኝ እንኳየሁ። ለብሔራዊ ቡድን ተመርጣ አዲስ አበባ ሄደች። እሷ የሄደች ዕለት እህል አልቀመስሁም። ብዙ ሳትቆይ ተመልሳ መጣች። አባቴ «ምነው ልጄ?» ሲሏት «አመተን ማን ያያታል? የልጅቱ ብቸኝነት አላስተኛ አለኝ» ብላ መለሰች። በበሩ ስንጥቅ እሰማ ነበር።

በዚያው ዓመት ወንድምአገኝ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አገባችና ዳኛውን ወለደች። ከዚያ ወዲህ የነሱ ሆነች። ባሏ ሲሞት የባሰ የነሱ ሆነች። ግን ሩጫውን ለኔ ብላ ስትተው እነሱ አልነበሩም። በሕይወቴ አንድ ሰው ለኔ ሲል አንድ ነገር የተወው ያን ጊዜ ነው። ይህንን የሚወስድብኝ የለም።

ሐምሌ 3

ምስጢር በእኔ ስልክ። ሦስት ጊዜ።

«የእማዬ ስልክ ምነው ሁልጊዜ ዝግ ነው?»

«ኔትወርክ ነው።»

«ያንቺ ይሠራል እኮ፣ እትዬ።»

«አንዳንዴ ይሠራል።»

አቅርቢያት አለች። ገላዋን እየታጠበች ነው አልሁ። እየታጠበች አልነበረም፤ ግን ልትታጠብ ነበር።

ፈተናዋን ጨርሳለች። ይህን ለእንኳየሁ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ረሳሁት።

ሐምሌ 6

የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፤ እሷ ምንም አይወርድላትም። ይመኙሽ የምስር ሾርባ ይዛ መጣች። ሁለት ማንኪያ። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል።

ይመኙሽን እስከ በር ስሸኛት «እትዬ አመተ፣ ልጆቹ የሚመጡት መቼ ነው?» አለችኝ።

«ሥራ አላቸው።»

«ያውቃሉ?»

«የሚያስፈልጋቸውን ያውቃሉ» አልሁ። ከበሩ ውጭ ሆና ለአንዲት ጎረቤት «እኔ ብሆን በራሴ እደውል ነበር፤ ቁጥራቸውን ከየት ላምጣው?» ስትል ሰማኋት። ሰው በሰው ቤት ምን ያገባዋል?

ሐምሌ 11

ሕመሙ ጀመራት። ክኒኑ ከቀትር አያልፍም። ጥርስ የሚያስነክስ ነገር ነው፤ ትራሱን ትነክሳለች። ነርስ ብትኖር መርፌ አለ ይላሉ። ፋርማሲ ጠይቄ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንሰጥም አሉኝ። ሐኪሙን ለማግኘት ሄድሁ፤ ስብሰባ ላይ ነው። ነገ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 12

ዝናብ። አልሄድሁም። ለማን ትቻት ልሂድ?

ሐምሌ 15

ሐኪሙን አገኘሁት። ሌላ ክኒን ጻፈልኝ። «ልጅዋ ነርስ ናት አላልሽኝም ነበር? እሷ ብትመጣ ቤቷ ሆና በመርፌ እንከታተላታለን» አለ። መቼ እንዳልሁት አላስታውስም። ሰው ሲጨንቀው ብዙ ይናገራል።

ዛሬ ግድግዳውን ይዛ ከአልጋዋ እስከ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች። «ልምምድ ነው» አለችኝ። ሁለተኛ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት። ደግፌ ሳስተኛት እንደ ሕፃን ቀላል ናት። ያ ሁሉ ጡንቻ የት ገባ? አርባ ዓመት ሙሉ ልጆች ገመድ ስታዘልል፣ ኳስ ስትመታ የነበረች ሴት። ዓይኗን ጨፍና «ደወሉ?» አለች። የለም አልሁ። «ሥራ በዝቶባቸው ነው» አለች። እኔን ልታጽናና ይመስል።

የማይደውሉ ልጆች። ያሳደገቻቸው እንዲህ ብላ ነው?

ሐምሌ 19፣ ዓርብ

ጠዋት «ቀና አድርጊኝ» አለች። ትራሱን ከጀርባዋ አደረግሁላት።

«አመተ።»

«አቤት እታለም።»

«በይ እንግዲህ ልጆቼን ጥሪልኝ። አሁን ይበቃሻል።»

ምኑ ነው የሚበቃኝ? ማስታመሙ መሆን አለበት። ደክሞኛል፤ እሷም ታያለች። አዎ፣ ማስታመሙን ነው።

ስልኳን ከመሳቢያ አውጥቼ ከፈትሁት። መልእክቱ በላይ በላዩ ገባ፤ ማቆሚያ የለውም። ያመለጡ ጥሪዎች ናቸው። ድምፁን እሷም ሰማች። ዓይኗን ጨፍና እስኪያልቅ አዳመጠችው። አንድ ነገር ብትለኝ በተሻለኝ ነበር።

ለምስጢር ደወልሁ። እናትሽን ሕመሙ ጸንቶባታል፣ ኑ አልኋት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«የባሰባት ሰሞኑን ነው።»

ስልኩን በእናቷ ጆሮ አደረግሁላት። እንኳየሁ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ብዙ የምትናገር መስሎኝ ነበር። «ምስጢር፣ ቁርስ በላሽ?» አለቻት። ሌላ አልተናገረችም።

የባሕር ዳር መንገድ ተዘግቷል። ምስጢር ወደ አዲስ አበባ በርራ ከዚያ ወደ ጎንደር መብረር አለባት። ለእሷም ለዳኛውም ቦታ የተገኘው ሰኞ ነው።

ሐምሌ 20

እየጠበቀች ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

ሊነጋጋ ሲል አረፈች። እጇ በእጄ ነበር።

ሐምሌ 22

ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት በበአታ፣ ከአባታችን አጠገብ። ምስጢርና ዳኛው በአንድ አውሮፕላን አምስት ሰዓት ላይ ደረሱ። የማለዳ ሴቶቿ ሁሉም በስፖርት ጫማ መጡ፤ ማን እንደመከራቸው አላውቅም። ዳኛው ሲያለቅስ ትልቅ ሰው አይመስልም። ምስጢር አላለቀሰችም። ከመገነዟ በፊት ገላዋን እኔ ልጠባት ብላ ገባች። ስትወጣ አየችኝ።

ሐምሌ 25

ሠልስቱ ወጥቷል። ድንኳኑ ገና ነው። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይናገራል። ሁሉም የራሱን እንኳየሁ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ አቧራ ላይ ሩጫ ያስተማረችው ኮሎኔል ሆኗል። አንዷን ምጥ ሲይዛት በጀርባዋ አዝላ ሐኪም ቤት አድርሳታለች። አንድ የማላውቀው ሰውዬ «ለእህቷ ባትል ኖሮ የት በደረሰች» አለ፤ ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ቀና ብዬ ተቀመጥሁ።

ማታ ምስጢር ሳሎን ውስጥ ብቻዬን አገኘችኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ጨጓራ አይደለም።»

«ሐኪም ነኝ እኔ?»

«ገላዋን አይቼዋለሁ። ይሄ የአንድ ሳምንት ነገር አይደለም። የወር፣ ከወርም በላይ ነው። ታውቂ ነበር?»

«እናትሽ ናት አትንገሪ ያለችኝ። ፈተና ላይ ናት፣ አታስደንግጪያት አለች። የሟች ቃል ነው።»

«ፈተናዬ ያለቀው በሰኔ ነው» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ አላነሳችም።

እኔ ማንንም አልከለከልሁም። የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጠው በኔ እጅ አይደለም። እናቱን የሚወድ ልጅ ጨጓራ ሲሉትም ይመጣል።

በኋላ ከድንኳኑ ጀርባ ለወንድሟ ስትነግረው ሰማሁ። «ስልኩ ሁልጊዜ ዝግ ነበር እኮ፣ ዳኛው። ሁልጊዜ።» እሱም «ኔትወርክ ነው። እትዬ እንዲህ አታደርግም። ከእናቴ ቀጥላ ያሳደገችኝ ሰው ናት» አላት። ልጁን አሳድጌዋለሁ እንዴ? ፊደል አስቆጥሬዋለሁ። አንድ ክረምት ኩፍኝ ሲይዘው አብሬው ተኝቻለሁ። ረስቼው ነበር፤ እሱ አልረሳም።

ሐምሌ 29

ሄዱ። ለተዝካሩ ይመለሳሉ። ምስጢር የእናቷን ስልክ ይዛው ሄደች።

ነሐሴ 9

ጾመ ፍልሰታ። ቅዳሴ በየቀኑ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መቃብሩ ጋ እቆማለሁ፤ አፈሩ በዝናቡ ጎድጉዷል። አልጋዋን አጥፌ አቆምሁት። መልሼ ዘረጋሁት። የራሴን ወደ ጓሮው ክፍል ልመልስ ብዬ ነበር፤ የሚያግዘኝ አጣሁ። ይመኙሽን መጥራት አልፈለግሁም። መንገድ ላይ ሰላም ትለኛለች፤ ከሰላምታ ያለፈ አንድም ቃል አትጨምርም።

ነሐሴ 18

ዳኛው ደውሎ ለተዝካሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጻፊው አለኝ። «አንቺን የመሰለ አማርኛ የሚጽፍ የለም።» አልችልም፣ ዓይኔ ደክሟል አልሁት። እንግዲያስ እኔ ልሞክረው አለ። እኔ ብጽፈው ኖሮ የመጨረሻውን ሰኔና ሐምሌ ምን ብዬ እጽፈዋለሁ? «ባደረባት ሕመም በቤተሰቧ ስትረዳ ቆይታ» ይባላል። የተለመደ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም።

ነሐሴ 29

ልጆቹ ትናንት ገብተዋል። ቤቱ የሰው ጎርፍ ነው፤ ሽንኩርት የሚልጡ ሌሎች ሆነዋል።

ዛሬ ባንቺአየሁ ከትክል ድንጋይ መጣች። ከእንኳየሁ ጋር አብራ ዲስከስ ትወረውር የነበረች፣ አዲስ አበባም አብራት የሄደች ናት። አሁን ከልጇ ጋር በእርሻ ነው የምትተዳደር፤ ትከሻዋ ዛሬም የበር መቃን ይሞላል። መንገዱ ተዘግቶባት ቀብሩ አመለጣት። ካለቀሰች በኋላ እኔ አጠገብ ተቀመጠች።

«ያችኛዋ አንቺ ነሽ? የእግረ ቀዝቃዛዋ?»

ሳቅሁ። እንኳየሁ ነግራታለች ማለት ነው።

«ሸጋ እህት ነበረችሽ» አለች። «እዚያ ሆነን ማታ ማታ ስላንቺ ነበር የምታወራኝ።»

«ለዚህ ነዋ ትታው የመጣችው» አልኋት። «ለኔ ብላ።»

ባንቺአየሁ አየችኝ። «ምነው፣ እስከዛሬ አልነገረችሽም?»

«ምኑን?»

«አርግዛ ነበር እኮ። አንድ ክፍል ነበር የተኛነው፤ ጠዋት ጠዋት ታስመልሳት ነበር። እዚያ የሮጠችውን የማጣሪያ ውድድር ከሁሉ ቀድማ የጨረሰችው ዳኛውን በሆዷ ይዛ ነው፤ እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቅ። ከዚያ ሹፌሩን ልታገባ ቆረጠች። ‹ለመሪጌታ ምን ልበላቸው?› ስትለኝ ‹እህቴን ማን ያያታል በያቸው፤ በዚያ አይጨክኑብሽም› ያልኋት እኔ ነኝ።» ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። «መቼም አንቺን የመሰለ ምክንያት አይገኝም ነበር።»

ክፋት የላትም። አብረን የምንስቅበት ጨዋታ መስሏታል። ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ተነሳሁ። ጓዳ ገብቼ ምን ልወስድ እንደገባሁ ጠፋኝ።

ነሐሴ 30

አርባዋ ወጣ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ዳኛው ተነሥቶ የጻፈውን አነበበ። ቀለል ያለ፣ ደህና አማርኛ ነው። ስለ ሜዳልያዎቿ፣ ስለ ተማሪዎቿ፣ ልጆቿን ያለ አባት እንዴት እንዳሳደገች። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «እናታችን ለብሔራዊ ቡድን ተመርጣ ሳለች እናት ያልነበራትን ታናሽ እህቷን ለማሳደግ ስትል ዕድሏን ትታ ተመለሰች። ይህንንም አንድ ቀን እንኳ ተጸጽታበት አታውቅም።»

ድንኳኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሴቶቹ በነጠላቸው ዓይናቸውን አበሱ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው «የታደልሽ» አሉኝ። ባንቺአየሁ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነበረች፤ አጎንብሳ የእጇን ጣቶች ታይ ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ ይህ በሰው ፊት እንዲነገርልኝ እፈልግ ነበር። ተነገረልኝ። እንጀራዬን ሳልነካ ሳህኑን መለስሁ።

ጳጉሜን 1

ምስጢር የእናቷን ልብስ ስታጣጥፍ ነበር። ለማገዝ ተቀመጥሁ። ገሚሱ የስፖርት ቱታ ነው፤ ጉልበቱ ላይ የሳሳ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ከዚያ ወዲያ አላነሣብሽም። ሕመም ነበራት?»

«አልነበራትም። እንቅልፍ እንደወሰዳት ነው የሄደችው።»

«ይመኙሽ ሌሊት ስታቃስት እስከነሱ ቤት ይሰማ ነበር ብላ ነገረችኝ።»

«ይመኙሽ ሌሊት እዚህ አልነበረችም።»

አንድ ሹራብ አጠፈች። ፈታችው። መልሳ አጠፈች። «መርፌውን እኮ በእጄ እወጋት ነበር» አለች። ለእኔ አይደለም፤ ለሹራቡ ነው የተናገረችው።

ለሷ ብዬ ነው የዋሸሁት። ታቃስት ነበር ብላት ምን ይጠቅማታል? ለሷ ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሄደች። ስትሰናበተኝ አንድ ጊዜ ጉንጬን ነካ አደረገችው። እኛ ቤት የሚሳሳሙት ሦስት ጊዜ ነው።

ጳጉሜን 3

ዳኛው ዛሬ ሄደ። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ወንበሩ ለእድሩ ተመልሶ፣ ግቢው ጭቃ ብቻ ቀርቶታል። ቦርሳውን በር ላይ አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ቤቱ አይሸጥም። እስካለሽ ድረስ ያንቺ ነው።»

«ምስጢርስ ምን አለች?»

«ትንሽ ተከራከረች። በኋላ እሺ አለች።» ወለሉን እያየ ፈገግ አለ። «እማዬ ላንቺ ብላ ያን ሁሉ ከተወች እኛ አንድ ቤት ያቅተናል?»

ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። እስከዛሬ ዝም ብያለሁ፤ ማንም አስገድዶኝ አልነበረም የተናገርሁት።

«ዳኛው፣ ለእኔ ብላ አይደለም የተመለሰችው። አንተን አርግዛ ነው። የመጨረሻውን ውድድር ያሸነፈችው አንተን በሆዷ ይዛ ነው። እኔ ለአባታችን የተነገርሁ ምክንያት ነኝ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ያመነኝ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። ከዚያ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

«እትዬ» አለ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት። «እማዬ ራሷ እኮ ናት የነገረችኝ። ስንት ጊዜ።»

«ደብቃህ ነው። ባንቺአየሁን ጠይቃት።»

«እሺ፣ እጠይቃታለሁ።» እንደማይጠይቃት ድምፁ ይናገራል። «አሁንም ለእኔ ነው የምታስቢው። የራስሽን ሁሉ ለሰው ሰጥተሽ ባዶ እጅሽን ልትቀሪ። ምስጢር ስላንቺ አንዳንድ ነገር ስትለኝ ተጣልቻታለሁ፤ ይቺን ሴት አታውቂያትም አልኋት። አንቺ ትሑት ነሽ፣ እትዬ። እማዬ ይሄን ነበር የምትወድልሽ።»

ሌላም የምነግረው ነገር ነበረኝ። ግን ባጃጁ በር ላይ ቆሟል፤ የአውሮፕላኑም ሰዓት ደርሷል። ሰው እንዴት መንገደኛ ያስቆማል? ሦስት ጊዜ ሳመኝና ሄደ።

ትሑት አለኝ። በስድሳ ዓመቴ እንዲህ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። የግቢውን በር ዘግቼ ገባሁ። ቤቱ ሰፊ ነው።